ስለ ተፋጠነ ኮምፒዩተርና ስለ ነጋዴው ኃላፊነት

ኮምፒዩተር በዛሬው ጊዜ ለንግድ ሥራ እንደ ሚዛንና እንደ ሜትር አስፈላጊ መሣሪያ መሆኑ የማይካድ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድም እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ የሚሄድ መንገደኛ የጽሕፈትና የሕትመት አገልግሎት የሚሰጡ ቤቶችን፣ የሠርግ ፊልም የሚያቀናብሩ ፎቶ ቤቶችን፣ የሕንፃ ፕላን የሚነድፉ ቢሮዎችን፣ ሒሳባቸውን በኮምፒዩተር የሚይዙ መደብሮችን ያገኛል። እነዚህ ሦስት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልለዋል። ንግዳቸው ግን ዛሬም ከዋና ከተማው ገበያ ጋራ የተሳሰረ ነው፤ መሣሪያውንም መለዋወጫውንም በአብዛኛው የሚያገኙት ከዚያው ነው።

ከመሣሪያው መስፋፋት ጋራ አንድ ልማድ አብሮ ገብቷል። ይኸውም ፕሮሰሰር የተባለውን፣ የኮምፒዩተሩን ስሌት ሁሉ የሚያከናውነውን ክፍል፣ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ ማዘዝ ነው፤ ባለሙያዎች ኦቨርክሎክ ይሉታል። ሥራው በሚገባ በተሰናዳ ማሽን ላይ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ ሲፈጸም ጥቅም የለውም አይባልም። ባልተሰናዳ ማሽን ላይ ሲፈጸም ግን አንድ ቀን ጧት የንግድ ቤቱ ባለቤት ማብሪያውን ሲጫን ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቱም ይበራል፤ ስክሪኑ ግን እንደ ጨለመ ይቀራል። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፤ የተቀጠረበት ሥራ ሳይደርስ ይውላል።

በዚህን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ የችኮላ ፍርድ ነው። «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ይባልና ባለቤቱ ሥራው እንዳይቆምበት ሲል ያልተበላሸውን ዕቃ አውጥቶ ሌላ ይገዛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ከጥቂት ቀን በኋላ አዲሱም ዕቃ እንደዚያው በጨለመ ስክሪን ቢቆም፣ ጥፋቱ ከዕቃው ሳይሆን ከአሠራሩ እንደ ነበረ ይታወቃል። እንግዲህ ነጋዴዎች ሁሉ ሊረዱት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከተፋጠነ በኋላ አልነሣም ያለ ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ የማይችለው ትእዛዝ የተሰጠው እንጂ የሞተ አይደለም። ስለዚህም ትእዛዙን የሰጠ ሻጭ ወይም ጠጋኝ የሰጠውን ትእዛዝ በጽሑፍ ማስረከብና ማሽኑ እምቢ ባለ ጊዜ ወደ ፋብሪካው ልክ መመለስ ግዴታው ሊሆን ይገባል።

የችኮላው ዋጋ ከባለቤቱ ኪስ ብቻ የሚወጣ አይደለም። ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ተገዝተው የሚመጡ ዕቃዎች ናቸው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካስታወቀ በኋላ፣ ቀድሞ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በ100 ዶላር የሚገዛ ማዘርቦርድ ቀድሞ 5,700 ብር ያህል ያስወጣ የነበረ ቢሆን፣ ከዚያ ወዲህ ማጓጓዣውና ቀረጡ ሳይታሰብ ከ10,000 ብር በላይ ያስወጣል ማለት ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ዕቃ፣ አንዲት የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ነቅሎ በመመለስ ሊነሣ ሲችል ወደ ቁራሌው ከረጢት መግባቱ ለአገርም ለነጋዴም ኪሣራ ነው።

የፍጥነት ትርፍና ዋጋው

ፕሮሰሰር የሚሠራው በምት ነው። በዛሬዎቹ ማዘርቦርዶች ላይ ያለው የጊዜ መቁጠሪያ በተለመደው አሠራር በሴኮንድ 100 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ ፕሮሰሰሩም ይህን ምት በተወሰነ ቁጥር አባዝቶ ይሠራበታል። ማባዣው 36 ቢሆን ፍጥነቱ በሴኮንድ 3.6 ቢሊዮን ምት፣ በባለሙያዎቹ መለኪያ 3.6 ጊጋኸርዝ ይሆናል። ማባዣውን ወደ 42 ከፍ ያደረገ ሰው 4.2 ጊጋኸርዝ ጠየቀ ማለት ነው። ነገር ግን ፍጥነት ብቻውን አይጨምርም፤ ለፈጠነው ምት የሚበቃ ቮልቴጅም መጨመር ያስፈልጋል። ሙቀቱ ከፍጥነቱ ጋራ በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋራ ደግሞ በካሬ ያድጋል። ስለዚህ ፍጥነቱን 10 በመቶ፣ ቮልቴጁንም 10 በመቶ ያሳደገ ሰው፣ ሙቀቱን ያሳደገው በ33 በመቶ ነው። በዐሥር የተሸጠውን በሠላሳ ሦስት መክፈል እንደ ምን ያለ ንግድ እንደሆነ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ በቅሎው ስንት ፈረሱላ እንደምትችል ያውቅ ነበር። ከዚያ በላይ የጫናት እንደ ሆነ በሜዳው ላይ ደኅና ስትሄድ ቢያያትም፣ ዳገቱ ላይ ስትደርስ ትተኛበታለች። ከልኩ በላይ የተፋጠነ ፕሮሰሰርም እንዲሁ ነው፤ ደብዳቤ ሲጻፍበት የቻለ ይመስላል፤ የሁለት ሰዓት የሠርግ ፊልም ሲቀናበርበት ግን ይወድቃል። ጭነቱ ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ደግሞ ገና ከበረቱ ሳይወጣ አልነሣም ይላል።

ይህ ነገር በንግድ ታሪክ ውስጥ መልካምም ክፉም ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሴለሮን 300ኤ የተባለ ርካሽ የኢንቴል ፕሮሰሰር በ300 ሜጋኸርዝ እየተሸጠ፣ በብዙ ሰዎች እጅ በ450 ሜጋኸርዝ በደኅና ይሠራ ነበር። የ50 በመቶ ትርፍ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የተገኘበት ይህ ዕቃ ኦቨርክሎክን በዓለም ላይ እንዲወደድ አድርጎታል። በዚያው በ1990ዎቹ ዓመታት ግን አታላዮች በዝግተኛ ፕሮሰሰር ላይ ያለውን ጽሑፍ ፍቀው የፈጣኑን ቁጥር እየጻፉ በፈጣኑ ዋጋ ይሸጡ ነበር፤ ነገሩ በሐሰተኛ ድንጋይ ከመመዘን የሚለይ አልነበረም። ኢንቴል በዚያ ዘመን መጨረሻ ማባዣውን መቆለፍ ከጀመረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ማታለል ነው።

ዛሬ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ፕሮሰሰሩን ወደ አቅሙ ጫፍ አስጠግተው ስለሚያወጡት፣ የቀረው ትርፍ እንደ ቀድሞው ሰፊ አይደለም። ከዚህም በላይ ማባዣው የተፈታው በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው። ከኢንቴል ዕቃዎች በተለመደው በስማቸው መጨረሻ «ኬ» የሚል ፊደል ያለባቸው ሲሆኑ፣ እነርሱም «ዜድ» በሚል ፊደል የሚጀምር ቺፕሴት ያለው ማዘርቦርድ ይፈልጋሉ፤ የኤ ኤም ዲ ኩባንያ ራይዘን ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ የተፈቱ ቢሆኑም ማዘርቦርዱ ሊፈቅድላቸው ያስፈልጋል። ተሠርቶባቸው ከውጭ የሚገቡት የዴል፣ የኤች ፒና የሌኖቮ የቢሮ ኮምፒዩተሮች በአብዛኛው ይህን ማስተካከያ አይፈቅዱም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ማሽን «አፍጥኜዋለሁ» ብሎ ዋጋ የሚጨምር ሻጭ ቢኖር፣ ገዢው በምን መንገድ እንዳፈጠነው ሊጠይቀው ይገባል።

በፋብሪካ ደረጃ እንኳ የቮልቴጅ ነገር ጥንቃቄ የሚሻ መሆኑ በቅርቡ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል ከ13ኛውና ከ14ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ አንዳንዶቹ ከሚገባው በላይ በሆነ ቮልቴጅ ምክንያት የተናጉ መሆናቸውን ገልጾ ማስተካከያ ፕሮግራም አውጥቷል፤ ዋስትናቸውንም በ2 ዓመት አራዝሟል። የብዙ ሺህ መሐንዲሶች ጌታ የሆነው ኩባንያ በዚህ ነገር ከተቸገረ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቮልቴጅ የሚጨምር ጠጋኝ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት ግልጽ ነው።

የደጋው አየርና የቆርቆሮው ቤት

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኙ የደጋ ከተሞች ናቸው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ስለዚህ ነው። የኮምፒዩተር ማራገቢያ ሙቀትን የሚያወጣው በአየር በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት እየዞረ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። በባሕር ዳርቻ ከተማ የተፈተነና የተመሰገነ የፍጥነት ልክ ሱሉልታ ላይ ሲገባ በዚያው መጠን ይቀዘቅዛል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

የደጋው ብርድ የሳሳውን አየር ጥቂት ይክሳል ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፣ በሌሊትና በማለዳ ይክሳል። ነገር ግን የንግድ ቤቶች ብዙዎቹ የቆርቆሮ ክዳን ወይም የቆርቆሮ ግድግዳ ያላቸው ናቸው፤ በበጋ ቀትር ላይ ውስጣቸው ይግላል። ከመንገድ የሚነሣው አቧራም በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል እየተጋገረ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። በጥቅምት የተስተካከለ ፍጥነት በመጋቢት የማይቻልበት ምክንያት ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ የመብራት መቋረጥና የቮልቴጅ መዋዠቅ ሲጨመርበት፣ በጠባብ ልክ ላይ የቆመ ማሽን ከሌላው ይልቅ ቀድሞ መሰናከሉ አያስደንቅም።

አልነሣም ሲል የሚደረገው ቅደም ተከተል

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው መፍቻ ሳይሆን ጥያቄ ነው። መጨረሻ የተለወጠው ምንድር ነው? ማን ለወጠው? ከዚያ ወዲህ መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ? የሦስቱ ጥያቄዎች መልስ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ግማሹ ሥራ ተፈጸመ ማለት ነው።

ቀጥሎ ምልክቱን መለየት ይገባል። ማራገቢያው ጨርሶ ካልዞረ ነገሩ የኃይል ነው፤ ሶኬቱን፣ ስታቢላይዘሩን፣ ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለውን ማብሪያ ማየት ያስፈልጋል። ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ከጨለመ ግን ጥርጣሬው ወደ ፍጥነቱ ትእዛዝ፣ ወደ ራሙና ወደ ገመዶቹ ይሄዳል። ማሽኑ በራሱ እየጠፋ እየበራ ከሆነ ራሱን ሊያድን እየሞከረ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት መታገሥ ይሻላል፤ ብዙ ማዘርቦርዶች ከጥቂት ያልተሳካ ሙከራ በኋላ በራሳቸው ወደ ፋብሪካው ልክ ይመለሳሉ። የኩባንያው ምልክት ታይቶ ዊንዶውስ ሲጀምር የሚቆም ከሆነም፣ በመነሻው ላይ የዲሊት ወይም የኤፍ 2 ቁልፍ እየተጫኑ ባዮስ ወደ ተባለው የማስተካከያ ገጽ ገብቶ የፋብሪካውን ልክ መመለስ ይበቃል። በብዙ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ስክሪንና መነሻ ዲስክ ለየብቻ የሚያመለክቱ አራት ጥቃቅን መብራቶች አሉ፤ ሳይጠፋ የቀረው መብራት ማሽኑ የተሰናከለበትን ቦታ ይናገራል።

ስክሪኑ ጨርሶ ጨልሞ ወደ ባዮስ መግባት ያልተቻለ እንደ ሆነ፣ የፍጥነቱን ትእዛዝ ከውጭ ማጥፋት ያስፈልጋል። ማሽኑ ይጠፋል፤ ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል፤ በውስጡ የቀረው ኃይል እንዲወጣ ማብሪያው ለ10 ወይም ለ15 ሴኮንድ ተጭኖ ይያዛል። ከዚያም ማስተካከያዎቹን የምትጠብቀው፣ ሲ አር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ለ10 ደቂቃ ያህል ትነቀልና ትመለሳለች። በማዘርቦርዱ ላይ ለዚሁ ሥራ የተመደቡ ሁለት ጥቃቅን ዘንጎች ካሉም፣ ገመዱ እንደ ተነቀለ በመመሪያው መሠረት ለጥቂት ሴኮንድ ማገናኘት ይቻላል። ይህ አድራጎት በዲስክ ላይ ያለውን ሒሳብ፣ ፎቶግራፍም ሆነ ደብዳቤ አይደመስስም፤ የሚደመስሰው የማስተካከያውን ትእዛዝ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ባትሪው ተመልሶ ማሽኑ ሲበራ የመጀመሪያው መነሣት ይዘገያል። ዲ ዲ አር 5 የተባለው አዲሱ ራም ያለበት ማሽን ራሙን እስኪፈትሽና እስኪያስተካክል ድረስ ብዙ ደቂቃ ስክሪኑ እንደ ጨለመ ሊቆይ ይችላል። በዚህን ጊዜ ትዕግሥት አጥቶ ኃይሉን የሚያቋርጥ ሰው ፈተናውን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል፤ በመጨረሻም «በእርግጥ ሞቷል» ብሎ ይፈርዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተነሣ ራሙ ሁሉ ተነቅሎ አንዱ ብቻ፣ መመሪያው በሚያዝዘው ቦታ ላይ ይተከላል፤ ካልሆነም በሌላው ይተካል። ኤክስ ኤም ፒ የተባለው የራም ፍጥነት ማስተካከያ ራሱ ከመደበኛው ልክ በላይ ማሠራት መሆኑን ብዙዎች አያውቁም፤ ፕሮሰሰሩ በከንቱ ሲወቀስ ጥፋተኛው ራሙ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የስክሪኑ ገመድም ይታይ፤ በስማቸው መጨረሻ «ኤፍ» የሚል ፊደል ያለባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የራሳቸው የምስል ክፍል ስለሌላቸው፣ ገመዱ በማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ማሽኑ ደኅና ሆኖም ስክሪኑ ይጨልማል።

ከዚያ በኋላ ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያደርሰው ባለ 8 ቀዳዳ ሶኬት በሚገባ መግባቱ ይረጋገጣል፤ ደኅንነቱ በታወቀ፣ ዋቱም በሚበቃ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ይሞከራል። የማቀዝቀዣው አቀማመጥና ከሥሩ የሚቀባው ቅባት ይመረመራል፤ የዛሬ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ገደማ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ያዘግማሉ ወይም ይጠፋሉ። ፕሮሰሰሩን በሌላ ማዘርቦርድ፣ ማዘርቦርዱንም በሌላ ፕሮሰሰር መፈተን የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። «ተቃጥሏል» የሚለው ቃል ሊነገር የሚገባው ይህ ፈተና ከተፈጸመ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

ማሽኑ ከተነሣ በኋላ

ማሽኑ ሲነሣ ደስታው የሚቀረውን ሥራ እንዳያስረሳ መጠንቀቅ ይገባል። ማስተካከያው ሲጠፋ ቀኑና ሰዓቱም ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑ ሳይታረም ሥራ የጀመረ መደብር በሐሰተኛ ቀን ሰነድ ያወጣል፤ የባንክ ገጾችም አልከፈትም ይሉታል። ቀኑ በየማለዳው የሚሳሳት ከሆነ ባትሪዋ አልቃለችና መለወጥ አለባት። ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ ቁልፍ ያለበት ማሽንም 48 አኀዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህ ቁጥር አስቀድሞ በወረቀት ተጽፎ በካዝና ያልተቀመጠ እንደ ሆነ፣ ማሽኑ ድኖ ሒሳቡ ይጠፋል። ዊንዶውስ አልጀምርም ቢልም ዲስኩ ተበላሸ ከማለት በፊት፣ የዲስኩ አሠራር ዘዴ በባዮስ ውስጥ ተለውጦ እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ለነጋዴ ግን ከማይነሣው ማሽን ይልቅ የሚያስፈራው እየተነሣ የሚሳሳተው ነው። ፍጥነቱ ከልክ ጥቂት ብቻ ያለፈ ፕሮሰሰር ወይም ራም ማሽኑን ሳያቆም አልፎ አልፎ አንድ ቁጥር ሊያዛባ፣ አንድ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። አልነሣም ያለ ማሽን ቢያንስ ሕመሙን አልደበቀም፤ ዐርባ ኩንታሉን ዐርባ አንድ ብሎ የሚመዘግብ ማሽን ግን የሚታወቀው በዓመት መዝጊያ ነው። ስለሆነም የሒሳብ መዝገብ፣ የዕቃ ክምችት ወይም የባንክ ሥራ የሚካሄድበት ኮምፒዩተር ከፋብሪካው ልክ በላይ ጨርሶ ሊፋጠን አይገባም። በቀን ጥቂት ደቂቃ ለማትረፍ ሲባል የዓመቱን ሒሳብ ለጥርጣሬ መስጠት የነጋዴ ብልኃት አይደለም።

ኃላፊነቱ የማን ነው

ኦቨርክሎክን የሚወዱ ወጣት ባለሙያዎች የሚያቀርቡት ክርክር አለ፤ ችላ ሊባልም አይገባም። አዲስ ፕሮሰሰር ለመግዛት ገንዘቡ በማይገኝበት ጊዜ ካለው ዕቃ ተጨማሪ ሥራ ማውጣት ቁጠባ ነው፣ ዕውቀትም የሚገኘው በመሞከር ነው ይላሉ። ይህ አነጋገር ለራሱ ዕቃ፣ በራሱ ገንዘብ ለሚሞክር ሰው ትክክል ነው። ነገሩ የሚለወጠው የተሞከረበት ዕቃ ለሌላ ሰው ሲሸጥ ነው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው፣ ሳይጠየቅ የደንበኛን ማሽን የሚያፈጥን ጠጋኝ ችሎታውን ያሳየ መስሎት የሰውን እንጀራ ያበላሻል። ኢንቴልም ሆነ ኤ ኤም ዲ ከልኩ በላይ በማሠራት የደረሰን ጉዳት መደበኛው ዋስትናቸው እንደማይሸፍን አስታውቀዋል፤ ስለዚህ ገዢው ሳያውቅ የተፋጠነ ማሽን ሲገዛ፣ ሳያውቅ ዋስትናውንም አሳልፎ ሰጥቷል።

የሕጉም መንፈስ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋራ የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ዋስ እንዲሆን ደንግጓል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው አስፍሯል። የፍጥነቱ ልክ መለወጡ ለገዢው ያልተነገረበት ሽያጭ ከእነዚህ ድንጋጌዎች ጋራ እንዴት እንደሚስማማ ማሰብ የሻጩ ፈንታ ነው።

ይህን ለማስተካከል ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ከሁሉ አስቀድሞ ማናቸውም ኮምፒዩተር ሲሸጥ ወይም ተጠግኖ ሲመለስ አንድ ወረቀት አብሮት ይሰጥ፤ በላዩም የፋብሪካው ፍጥነት፣ የተሰጠው ፍጥነት፣ የቮልቴጁ ልክ፣ የራሙ ማስተካከያ፣ የተለወጠበት ቀንና የለወጠው ቤት ይጻፍበት። ያፈጠነው ቤት ማሽኑ አልነሣም ባለ ጊዜ ወደ ፋብሪካው ልክ የመመለሱን ሥራ ያለ ዋጋ ይፈጽም፤ ሥራው የአንድ ሰዓት እንኳ አይደለም። ማዘርቦርድ ወይም ፕሮሰሰር ተበላሽቷል የሚል ጠጋኝ በምን እንደ ፈተነው ይጻፍ፤ ተበላሸ የተባለውንም ዕቃ ለባለቤቱ ይመልስ።

አስመጪዎችም ድርሻ አላቸው። ዋቱ ያልታመነ ፓወር ሰፕላይና ለደጋው ቀጭን አየር የማይበቃ ማቀዝቀዣ በርካሽ አምጥቶ መሸጥ ለጊዜው ትርፍ ቢመስልም፣ ገበያውን በማይነሡ ማሽኖች ይሞላል። ፕሮሰሰር ሲያስመጡ የተቆለፈውንና የተፈታውን ለይተው ለቸርቻሪው ቢያስታውቁ፣ ደኅና ባትሪና ደኅና የማቀዝቀዣ ቅባትም ከዋናው ዕቃ ጋራ ቢያስመጡ፣ በቡራዩም ሆነ በሰበታ ያለው ጠጋኝ መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲመላለስ ቀኑ አይጠፋም።

የኮምፒዩተር ንግድ በሦስቱ ከተሞች ገና እየሰፋ የሚሄድ ንግድ ነው። በዚህ ጊዜ የሚለመደው አሠራር፣ መልካምም ቢሆን ክፉ፣ ለሚቀጥሉት ዓመታት ሥር ይሰዳል። የተፋጠነውን የተፋጠነ ነው ብሎ የሚሸጥ፣ የፈጸመውን ሥራ በጽሑፍ የሚያስረክብ፣ ሳይፈትን «ተቃጥሏል» የማይል ቤት ዛሬ አንድ ማዘርቦርድ ሳይሸጥ ይቀር ይሆናል፤ ደንበኛው ግን ነገ ዐሥር ኮምፒዩተር ሲፈልግ የሚመለሰው ወደዚያ ቤት ነው። ስለዚህ የኮምፒዩተር ሻጮችና ጠጋኞች ሁሉ ይህን አሠራር ሕግ እስኪያስገድዳቸው ሳይጠብቁ በገዛ ፈቃዳቸው ቢጀምሩት፣ የደንበኛውን ገንዘብ፣ የአገሪቱን ምንዛሪና የራሳቸውን ስም በአንድነት ያድናሉ።